ዘርህን ነገ አምጣ

የአክስቴ ባል ጋሽ ቶለሳ በዳሳ ጉለሌ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በድምፁና በመቀመጫው። ድምፁ ቁስቋም ላይ ሲጣራ ሽሮ ሜዳ ያለ ሰው «አቤት» ይላል። መቀመጫው ደግሞ ከዳቦ ቤቱ መጋገሪያ እቶን፣ ከፉርኖው አፍ ሥር ያለች አንዲት የጋለች ጡብ ነበረች። ሌላ ሰው ለአፍታ ቢቀመጥባት «ውይ!» ብሎ ይነሣል። እሱ ግን ከንጋት ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ እዚያችው ላይ ተንፈላስሶ ለፉርኖው እንጨት ይማግዳል። ጉለሌ ብርድ ነው፤ ሐምሌ ላይማ አጥንት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቶለሳን ሲያይ ይቀና ነበር። እሱም «የጉለሌ ብርድ እኔን አያውቀኝም፣ እኔም አላውቀውም» እያለ ያስቀናቸዋል።

ፉርኖው መጀመሪያ የአንድ ግሪክ ነበር። ጣልያን ሲገባ ግሪኩ ወጣና አንድ ጣልያን ተተካበት፤ ዳቦውም ለወታደሩና ለመንገድ ሠራተኛው ሆነ። ቶለሳ ግን እንደ ዕቃ ከነጡቡ ለአዲሱ ባለቤት ተላለፈ። በጠቅላላው ሰባት ዓመት እዚያች ጡብ ላይ ተቀምጧል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ እንዳልል ትረሱታላችሁ፤ ብቻ ብዙ ተቀምጧል።

እኔ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዘር ፍሬ እንዴት እንደሚፈጠር አስተምሬአለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉም ምዕራፉ ሲደርስ ተማሪ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይንፈቀፈቃል። የሚያስቀውን ነገር እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። የሚያስቀው የጋሽ ቶለሳ ታሪክ ነው፤ እሱ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

አክስቴ ጽጌረዳ የአባቴ የሸማኔው የሾዴ ታናሽ እኅት ናት። ቶለሳን ካገባች አምስት ዓመት ቢሞላትም ልጅ አልመጣም። የቶለሳ እናት እሜቴ ዘርትሁን ይባላሉ። በዚህ ስም ተጠርተው የልጅ ልጅ አለማየታቸው ያንገበግባቸው ነበር፤ «ስሜ የሰው መሳለቂያ ሆነ» ይላሉ። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ለእሳቸው ትርፍ ነገር ነው። ልጅ አልተወለደም፣ የምትወልደው ሴት ናት፣ በቃ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ ከሱሉልታ መጥተው ከጽጌረዳ ፊት ተቀመጡ።

«እስከ ኅዳር ቁስቋም ድረስ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ» አሉ። «በዚያን ቀን የያዝሽው ነገር ከሌለ ወደ ወንድምሽ ቤት ትሄጃለሽ። ለልጄ ሱሉልታ ላይ አንዲት ልጅ አይቼለታለሁ።»

ጽጌረዳ የምትፈትለውን ጥጥ ጭኗ ላይ አኑራ «እሺ፣ እማማ» ብላ ዝም አለች። አክስቴ ስትቆጣ አታስፈራም፤ ዝም ስትል ነው የምታስፈራው። ያ ድምፀ ነጎድጓድ ባሏስ? ሚስቱን ይወዳታል፤ ይህን ማንም ያውቃል። እናቱ ፊት ግን ድምፁ የት እንደሚገባ እንጃ፣ ጉሮሮውን የሚጠርገው እንኳ በሹክሹክታ ነበር። ያን ቀን ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ዋለ።

በዚያው ሰሞን ጣልያኖች ወደ ታች ለአገሬው ሰው የሚሆን አንድ ሐኪም ቤት ከፍተው ነበር፤ መግቢያው በጓሮ ነው። ሐኪሙን ሰው ሁሉ «ዶቶሬ» ይለዋል፤ ባለመነጽር፣ ችኩልና ክፋት የሌለበት ሰው ነበር። አስተርጓሚው ነገራ ይባላል። ነገራ ጣልያንኛውን የተማረው የአንድ መኮንን ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲልጥ ነው። ስለዚህ ጣልያንኛው ከወጥ ቤት ደጃፍ አያልፍም። ስለ ጨው፣ ስለ እሳት፣ ስለ ዱቄት የሚነገር ከሆነ እንደሱ ያለ አስተርጓሚ የለም። ዶቶሬው ስለ በሽተኛ ጉበት ሲያወራ ግን የነገራ አፍ ምራቅ ይሞላ ነበር ይባላል።

ሰኔ ላይ፣ በሐዋርያት ጾም፣ ባልና ሚስት ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። እሜቴ ዘርትሁንም «እኔ ሳልሰማ የሚነገር ነገር የለም» ብለው ተከተሉ። ዶቶሬው ጽጌረዳን በደንብ መረመራትና ብዙ ተናገረ። ነገራ ካዳመጠው ውስጥ የሚያውቃትን ቃል መዘዘ።

«እንቁላሏ ደህና ነው ይላል» አለ። «በየወሩ አንድ አንድ እየበሰለ ይወጣል።»

«እንቁላል?» አሉ እሜቴ ዘርትሁን። «በሐዋርያት ጾም?»

«ኧረ አልበላሁም፣ እማማ!»

«በስሏል እየተባለ!»

እሜቴ ነገሩን በዋዛ አላለፉትም፤ በዚያው ቀን ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ዓምሃ ወጡ። መምሬ ዓምሃ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ያልበላችው እንቁላል ጾም አያስፈርሳትም» ብለው ፈረዱ። እኔ ከዚህ የተሻለ ፍርድ በሕይወቴ አልሰማሁም። ለነገሩ ሴት ልጅ የዕድሜዋን እንቁላል በሙሉ ይዛ ነው የምትወለደው። ጾም የሚያስፈርስ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዷ ሴት ክርስትና ሳትነሣ ነበር የሚፈርስባት።

ወደ ሐኪም ቤቱ ልመልሳችሁ፤ ዶቶሬው ከጽጌረዳ ቀጥሎ ወደ ቶለሳ ዞረና አንድ ቃል ተናገረ። ነገራ ቃሉን ወጥ ቤት ውስጥ ሰምቶት አያውቅም። ዶቶሬው ደገመለት፤ ነገራ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ዶቶሬው ጣቶቹን እንደ ዘሪ እየበተነ ስለ ስንዴ አወራለት። ነገራ ፊቱ በራ።

«ዘርህን ነገ ጠዋት አምጣ ይላል።»

«ዘሬን?» አለ ቶለሳ።

«ዘርህን። ትኩስ መሆን አለበት ብሏል።»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትረዱ ነበር? ቶለሳ ስንዴ አይዘራም። ዘር የሚለው ወገኑን ነው፤ ትኩስ ማለት ደግሞ በሕይወት ያለ፤ የሞቱትን ፈረንጁ አይፈልግም ማለት ነው። ቶለሳ በዚያው ከሰዓት ወደ ሱሉልታ መልእክት ላከ። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሰባት የቶለሳ ዘመዶች፣ ገሚሱ በፈረስ ገሚሱ በበቅሎ፣ ከነዱላቸው የሐኪም ቤቱን ጓሮ ሞሉት። ዶቶሬው በመስኮት ሲያይ ዐርበኛ የመጣበት መስሎት ከጠረጴዛው ሥር ገባ። የቶለሳ አጎት ቱሉ ከፈረሳቸው ወርደው በሩ ላይ ቆሙና «ቶለሳ፣ የበዳሳ ልጅ፤ በዳሳ፣ የጉደታ ልጅ፤ ጉደታ…» እያሉ ዘር መቁጠር ጀመሩ። ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ዶቶሬው ብቅ አለ።

ነገሩ ሲገለጥ ዶቶሬው እንባው እስኪወርድ ሣቀ። ነገራ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ይዞ ቶለሳን ወደ ጥግ ወሰደውና በጆሮው ሹክ አለው። ቶለሳ ብርጭቆዋን አየ፣ ነገራን አየ፣ አሥራ ሰባቱን ዘመዶቹን አየ። የቀረውን እሱም ለማንም አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁትም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ብቻ ብርጭቆዋ ዶቶሬው ዘንድ ደረሰች።

ዶቶሬው ማጉያ መሣሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቆየት ብሎም ቶለሳን ጠርቶ አሳየው። ቶለሳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። ራሳቸው ትልቅ፣ ጭራቸው ቀጭን የሆኑ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አየ። በእናቱ ቋንቋ «አካም ጂርቱ?» አላቸው፤ እንዴት ናችሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ቆጠራቸው። አሥራ አንድ ናቸው። አንደኛው ባለበት ይሽከረከራል።

«ይሄኛው መንገድ ጠፍቶታል» አለ ቶለሳ በሐዘኔታ።

የጤነኛ ሰው ቢሆን እዚያች ጠብታ ውስጥ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይጋፉ እንደ ነበር ነገራ በእጁ እየከመረ አስረዳው። ቶለሳ ዳግመኛ ማየት አልፈለገም።

ዶቶሬው ደጅ ወጥቶ ለተሰበሰበው ወገን ረጅም ንግግር አደረገ። በደም ውስጥ ስለሚሄድ «ኦርሞኒ» ስለሚባል ነገር፣ ስለ ፉርኖው፣ ስለ ሙቀትና ስለ ብርድ፣ ስለ ሦስት ወር ተናገረ። ነገራ ፉርኖን፣ ሙቀትን፣ ብርድንና ሦስት ወርን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃቸዋል። «ኦርሞኒ» ላይ ትንሽ ዕንቅፋት መታው፤ ግን ሕዝብ እየጠበቀው አስተርጓሚ ዝም አይልም።

«ዶቶሬው የሚለው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቶለሳ ኦሮሞ ጎድሎታል!»

አሥራ ሰባቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«ፉርኖው አድርቆታል። ከፉርኖው ርቆ ሦስት ወር ብርድ ላይ ይቀመጥ፤ ያን ጊዜ ይሞላል።»

«ምን ያህል ጎድሎታል?» አሉ ቱሉ።

«ከግማሽ በላይ።»

«ዐውቄዋለሁ!» አሉ ቱሉ ዱላቸውን መሬት ላይ መትተው። «ከተማ ከገባ ጀምሮ ከብት በስሙ መጥራት አቅቶታል!» ከዚያ ዶቶሬውን በአክብሮት እጅ ነሡ። በዚያ ዘመን መንግሥቱም ወረቀቱም እነሱን ራሳቸው ባላወጡት ስም ይጠራቸው ነበር፤ ይሄ ፈረንጅ ግን በስማቸው ጠራቸው። አሥራ ሰባቱም ተራ በተራ ጨበጡት። ዶቶሬው ምን እንደ ተደረገ ሳይገባው እስከ ግንባሩ ቀላ።

ሰው ሲበተን ነገራ የቶለሳን እጅጌ ያዘ። «ሌላም ብሏል» አለው በቀስታ። «ሴትዮዋ ምንም የለባትም፤ የጎደለው ካንተ በኩል ብቻ ነው ብሏል። ልንገራቸው?»

ቶለሳ በቅሏቸው ላይ የሚወጡትን እናቱን አየ። «ተወው» አለ።

ለዚህች «ተወው» እስከ ዛሬ ድረስ እበሽቃለሁ። እሜቴ ዘርትሁን የተረዱት ሌላ ነውና፤ ልጄ ትንሽ ጎድሎ ነበር፣ ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ ልጅ ካልመጣ ግን የማን ጥፋት እንደ ሆነ ፀሐይ የሞቀው ይሆናል ብለው ወደ ሱሉልታ ተመለሱ። ጽጌረዳ ነገራ ሲያንሾካሹክ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር። ሰምታለች።

እንግዲህ ዶቶሬው ያለውን እኔ በወጉ ልንገራችሁ። ከአንጎላችን ሥር ከሽምብራ የማትበልጥ ዕጢ አለች። እሷ ሆርሞን የሚባል ትእዛዝ በደም በኩል ወደ ታች ትልካለች፤ የወንዱ ዘር ፍሬ የሚሠራውም በዚያ ትእዛዝ ነው። አንዱ የዘር ፍሬ ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። ሥራው ደግሞ ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ፈጣሪ ዕቃውን ውጭ ያንጠለጠለውም ለዚህ ነው። ቶለሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ጡብ ላይ እያስቀመጠ ሲጠብሰው ከረመ። ትእዛዙ ይመጣል፣ ሠራተኛው ግን ተቃጥሏል። እያንዳንዱ የዘር ፍሬ ክሮሞሶም የሚባለውን የዘር ክር ሙሉውን አርባ ስድስቱን ሳይሆን ሃያ ሦስቱን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ የቀረው ሃያ ሦስት ከሴቷ እንቁላል ይመጣል። ይህን ለአባቴ ለሾዴ ስነግረው መወርወሪያውን አቁሞ «ታዲያ ድሩ የሷ፣ ማጉ የሱ ነዋ» አለኝ። ከዚያም «እኔ ማግ ሲያልቅብኝ ድሩን ሰድቤ አላውቅም» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ቶለሳ በሰኔ መጨረሻ ጉዞ ጀመረ። በዚያው ሳምንት እንጦጦ ላይ ኬላ ቆሞ ያለ ይለፍ ወረቀት ማለፍ ተከልክሎ ነበርና ዶቶሬው ምክንያቱን ጽፎ ሰጠው። ኬላው ላይ ያለው ወታደር ወረቀቱን አነበበ፣ ቶለሳን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ጓደኞቹን ጠራ። አራት ሆነው እየተቀባበሉ አነበቡና ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሲጋራ ሰጠው። ቶለሳ ሱሉልታ ሲደርስ «ኦሮሞ መሆኔን ሲያነቡ ደስታቸውን አልቻሉትም» ብሎ አወራ።

ሱሉልታ ላይ መሙላት ተጀመረ። መምሬ ዓምሃ «መድኃኒት ነው» ብለው ጾሙን ፈቱለት፤ ጠዋት ወተት፣ ማታ ወተት፣ አናቱ ላይ ቅቤ። በሐምሌ ዝናብ ከብት ይጠብቃል፤ መቀመጫው እርጥብ ድንጋይ ነው። አማርኛ ከአፉ ካመለጠ ቱሉ «ፈሰሰ! ፈሰሰ!» ብለው ይጮኻሉ፣ ተጨማሪ ወተት ይመጣል። እሑድ እሑድ «የት ደረሰ?» ብለው ይጠይቁታል። ሐምሌ ላይ «ጉልበቴ ጋ» አላቸው። ነሐሴ ላይ «ደረቴ ጋ»። ጳጉሜን ሲገባ ወተቱ ሰልችቶት «አንገቴ ደርሷል፣ ተዉኝ!» አለ። ለመስቀል ቤቱ ገባ። ፉርኖውንም ተወና ለዚያው ዳቦ ቤት በአህያ ዳቦ አመላላሽ ሆነ፤ የጉለሌ ብርድና እሱ ያን ጊዜ ተዋወቁ።

ኅዳር ስድስት ቀን ቁስቋም ማርያም ነገሠች። ታቦት ከገባ በኋላ የቶለሳ ወገን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከአንድ ወይራ ሥር ተሰበሰበ። እሜቴ ዘርትሁን መካከል ላይ ተቀምጠዋል፤ የሱሉልታዋ ልጅ አባትም አጠገባቸው ናቸው። ጽጌረዳ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች። አባቴ ሾዴ እኅቱን ወደ ቤቱ ሊወስድ መጥቶ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር።

«የያዝሽው ነገር አለ?» አሉ እሜቴ።

ጽጌረዳ ቀና ብላ ባሏን ብቻ አየችው።

«እንግዲህ» አሉ እሜቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «ልጄ ሞልቶ መጥቷል። እኛ የድርሻችንን አድርገናል። ጉድለቱ የማን እንደ ሆነ ዛሬ ታወቀ።»

«የሷ አይደለም!» አለ ቶለሳ።

ያ ድምፅ ወጣ። ወይራው ላይ ያሉ ወፎች ተነሡ። አጥር ግቢው ውስጥ ያሉ ካህናት ዞረው አዩ።

«የሷ አይደለም! ዶቶሬው ሴትዮዋ ምንም የለባትም ብሎ ነበር፤ ነገራን ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ! ጉድለቱ የኔ ነው፣ እናቴ! በመስተዋቱ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ ናቸው፣ አንዱም መንገድ ጠፍቶታል! አምስት ዓመት ሙሉ መካን ስትሏት እየሰማሁ አፌን ዘግቼ ዳቦ በላሁ። የሱሉልታዋን ልጅ ብታመጡልኝ እሷንም ነገ መካን ትሏታላችሁ። ሌላ ሚስት አላገባም። ልጅ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ ከጽጌ ጋር አብረን እንጃጃላለን!»

የልጅቷ አባት ቀስ ብለው ተነሥተው በቅሏቸውን ፈቱ። እሜቴ ዘርትሁን ነጠላቸውን አጣፍተው «ይህን ሁሉ በማርያም ደጅ መጮህ ነበረብህ?» አሉ። ቱሉ ግን ፊታቸው በኩራት አብርቶ «አላልኳችሁም? ሰው ሲሞላ እንዲህ ነው የሚናገረው!» አሉ።

ቶለሳና ጽጌረዳ ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ። እሱ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገሩ አሁን ነው የታወቀው። ትንሽ እንደ ሄዱ ጽጌረዳ ቆም አለች።

«ጥቅምትን አበባዬን አላየሁም» አለችው። «ጠዋት ጠዋትም ያጥወለውለኛል።»

«ታዲያ እዚያ ስትጠየቂ ለምን አልተናገርሽም? በዚያ ሁሉ ወገን ፊት ራሴን ሳዋርድ እያየሽ!»

«እኔ ብናገር አንተ አትናገርም ነበራ» አለች። «ልጁስ ይምጣ፤ እኔ ይቺን ቃል ካንተ አፍ ለመስማት ነው አምስት ዓመት የጠበቅሁት። ባትናገር ኖሮ ሆዴን ይዤ ከወንድሜ ጋር እሄድ ነበር።»

ያ ግዙፍ ሰው መንገድ ዳር ተቀመጠና አለቀሰ። ማልቀስ ሲባል ደግሞ በዚያ ድምፁ ነው፤ ቁስቋምን ያስተጋባ ነበር። ከንግሥ የሚመለሱ ምእመናን ሮጠው መጡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ሐዘን አዞሩ።

«ውይ! ማን ሞተባችሁ?» አለች አንዷ።

«ኧረ ማንም አልሞተም» አለች አክስቴ ባሏን ክንዱን ይዛ እያነሣች። «ተናግሮ ነው።»